ኦቦ ቃሲም ጣሪያቸውን ያዩበት ሳምንት

ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው ወገቡን ወደ ኋላ ማጠፍ የለበትም ይባላል። ሐሰት ነው። የሚጎዳው ጉራው ነው። በዮጋ «ግመል» የሚባለውን፣ ተንበርክኮ ወደ ኋላ መለጠጥን ስለማመድ ተረከዜን ለመያዝ ተቻኩዬ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ውያለሁ። ዛሬ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ተረከዜን እይዛለሁ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ።

ሰኞ

ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣሁ። የምሄደው ባሌ ሮቤ፣ በወጣትነቴ እዚያ ሳስተምር ቤት ወዳከራዩኝ ልብስ ሰፊ፣ ወደ ኦቦ ቃሲም ነው። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ጀርባቸው እንደጎበጠ ቀርቷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐጅ ይሄዳሉ።

«ካዕባን ቀና ብዬ ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ በስልክ። «ጫማዬንማ እዚህም አየዋለሁ።»

ሐኪም አጥንታቸው ደህና መሆኑንና ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ እንደሚችሉ ነግሯቸዋል።

ሻሸመኔ ላይ ጥብስ በላሁ። ከዶዶላ በኋላ ብርዱ በመስኮት ገባ። ዲንሾ ላይ አንድ የደጋ አጋዘን መንገድ ዳር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሞ አየን። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሮቤ ገብቼ፣ በባጃጅ ኦቦ ቃሲም በር ላይ ወረድኩ። ሰላምታ ሲሰጡኝ የሚያዩት የሸሚዜን ቁልፍ ነበር።

ማክሰኞ

ያልሞቀ ወገብ አይታጠፍምና ጠዋት ግማሽ ሰዓት በገበያው ዙሪያ አብረን ተራመድን። ከዚያ ሱቃቸው ውስጥ ጋቢ አጥፌ ከጉልበታቸው ሥር አነጠፍኩ።

«እጅዎን ወገብዎ ላይ። መጀመሪያ ደረትዎን ወደ ላይ ያንሡ። ትንፋሽዎን አይያዙ።»

ጥሩ ይሄዱ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! የድሮ በሽታዬ ተነሣብኝና «አሁን እንዲህ ተረከዝዎን ይያዙ» ብዬ አሳየኋቸው።

«የኔ ተረከዝ ጎባ ነው ያለው፣ ልጄ» አሉ። እንግዳ እንዳያሳፍሩ ግን ሞከሩ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉት፤ ዓይናቸው ዞረ፤ ተንገዳግደው በጎናቸው ወደቁ።

ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

«አንተ የአዲስ አበባ ሰው! ሐጅ ሳይሄድ ወደ አኼራ ልትልከው ነው?»

ኦቦ ቃሲምን ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ሳምንት ተኝቼ የተማርኩትን በሁለት ደቂቃ ረስቼዋለሁ።

ረቡዕ

ልምምዱ ይቅርብዎ ልላቸው ወደ ሱቃቸው ስሄድ ኦቦ ቃሲም ጋቢውን አንጥፈው ጠበቁኝ።

«ሌሊቱን ሳስበው ነበር» አሉ። «ፈረስ ላይ ስትቀመጥ እግርህ መሬት ይነካል?»

«አይነካም።»

«ታዲያ ለምን አትወድቅም? እርካብ ስላለ ነው። እኔም መሬቱ ከራቀኝ እርካብ እፈልጋለሁ።»

በባሌ ፈረስ እንደ ሙሽራ ይለብሳል፤ የኮርቻ ልብስ የሚሰፉትም እሳቸው ናቸው። ሊያለብሱት የመጣላቸውን ኮርቻ አነሡ። ተንበርክከው ሲያበቁ በፈረስ ጀርባ እንደሚደረገው ባታቸው ላይ ደፉት፤ የእንጨቱ ጎንና ጎን ወለሉን ስለያዘ እግራቸውን አልተጫነም። ደረታቸውን አነሡ፤ ከዚያም አንድ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ኮርቻው ላይ አሳረፉ። አንገታቸውን ግን እንደ ትናንቱ ወደ ኋላ አልጣሉትም። አምስት ጊዜ ተነፈሱ።

«ዘይነባ!» አሉ በድንገት። «ይህ ቆርቆሮ ተበስቷል እንዴ?»

«ዋላሂ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ስነግርህ ነበር!»

«ነግረሽኛል፤ ማን ቀና ብሎ አየው!»

አዴ ዘይነባ «ማሻአላህ» ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ኦቦ ቃሲም እጃቸውን ወደ ወገባቸው መልሰው፣ ራሳቸውን በመጨረሻ ቀና አድርገው ቀስ ብለው ተነሡ። በዚያች ሰዓት ከእኔ የኮራ ሰው በሮቤ አልነበረም፤ የኮራሁትም ባላስተማርኩት ነገር ነው።

እሑድ

በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይታክቱ ሠሩ። በሚኒባስ ጎባ ሄደን ወደ ሳነቴ የሚወጣውን ጋራ ቆመው አዩት። ጀርባቸው ገና ጎባጣ ነው፤ በሳምንት ተአምር አልጠበቅኩም። በማግሥቱ ሮቤ መናኸሪያ ሲሸኙኝ ግን ያናገሩት ፊቴን ነበር።

ቤቴ

አዲስ አበባ እንደገባሁ ከመደርደሪያዬ ወፍራም ወፍራሞቹን መጻሕፍት አውርጄ ከተረከዜ ጎንና ጎን ቆለልኩና እጄን አሳረፍኩባቸው። ደረቴ ከወትሮው ይልቅ ተከፈተ። ለካ ተረከዜን የምይዘው ወገቤን ሰብሬ ኖሯል።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ከኋላህ የምትደገፈው ነገር አስቀምጥ። ተረከዝህን ተውና ጣሪያህን እይ።