ቴፑ የቀደመው ድምፅ

ቴፕ ዴኩን ያገኘሁት ቴፒ ነው። ሥራ ተዛውሮ ከከተማው የሚለቅ ሰው የቤት ዕቃውን ይሸጣል ሲባል ቁም ሳጥን ፈልጌ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ ቀድሞ ተሽጦ ነበር። ጥግ ላይ ግን አቧራ የጠጣ የካሴት ማጫወቻ ተቀምጧል፤ እኔ ሳልወለድ የተሠራ፣ ከባድ፣ የራሱ ስፒከር ያለው፣ ፊቱ ላይ ድምፅ ሲጨምር የሚዘሉ ሁለት መርፌዎች ያሉት። ሰውየው ይሥራ አይሥራ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። እስከ ሚዛን ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ።

የምኖረው ከሚዛን ጋር የተያያዘችው አማን ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የቤንች እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ ማሽን መፍታትና መግጠም አይከብደኝም። ሞተሩ የሚያዞረውን የላላ የጎማ ቺንጋ ቀየርኩ። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩት፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ፍተሻ ጀመርኩ። የግራና የቀኙ ድምፅ እኩል ነው። ሲያጠነጥን ክር አይበላም። ባዶ ካሴት ላይ ሲቀዳም ደህና ነው።

የቀረኝ ፍጥነቱ ነበር። ካሴቱ ያለኝን አንድ ዘፈን በስልኬም ከፍቼ ሁለቱን አንድ ላይ አስነሣኋቸው። ሲጀምሩ አብረው ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ቴፑ ቀደመ። ስልኬ ገና አዝማቹን ሲደግም ቴፑ ጨርሶ ዝም አለ። ድምፁም ቀጠን ብሏል። ችግሩን አውቄዋለሁ። ግን ሌላው ሁሉ አምሮ በዚህ ብቻ እንዲወድቅብኝ አልፈለግኩም። ይህን ማን ይለየዋል ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ።

እሑድ ከቸርች ሲመለሱ አከራዬ ሙዚቃውን ሰምተው በሬ ላይ ቆሙ። ካሴት ያጫውታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጉራዬን ነዛሁ፤ እንደ አዲስ ነው አልኳቸው። ወደ ቤታቸው ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ወጣት ሳሉ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ሲሠሩ መጻፍ ስለማይችሉ ናፍቆታቸውን በካሴት ቀድተው በሾፌር ይልኩላቸው ነበር። የቀረው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ወዲህ ሰምተውት አያውቁም።

አስገባሁት። አንድ ሰው በቤንችኛ ሰላምታ ጀመረ። አከራዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«እሱ አይደለም» አሉ። «ቃሉ የሱ ነው። የሱ ድምፅ ግን ወፍራም ነው።»

ያኔ እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። እኔ ግን ማሽኑን ራሴ እንደፈተሽኩት፣ ምንም እንከን እንደሌለበት ነገርኳቸው።

«ብዙ ዘመን ሆነ እኮ፣ እማማ። የሰው ድምፅ ይረሳል።»

ካሴቱን ተቀብለው በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉት። አመሰገኑኝና ሄዱ።

በማግስቱ ክፍሌን ከሳቸው ቤት በሚለየው ግድግዳ በኩል ሸዋ ቤንች ከተማ አግብታ ለምትኖረው ልጃቸው ሲደውሉ ሰማኋቸው። ከሷ ጋር አማርኛ ይቀላቅላሉ። የአባትሽን ድምፅ ረሳሁት አሏት። እያለቀሱ አልነበረም፤ እንደ በሽታ ነበር የነገሯት። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ ሲያገኙኝ ስለ ካሴቱ አያነሡም። እኔም ጠዋት ጠዋት እሳቸው በረንዳ ላይ ሳይወጡ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ቴፑን መክፈት አስጠላኝ።

እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቤት ሲያስቀረኝ ፈታሁት። ሞተሩ ጀርባ ላይ ቀዳዳ አለች፤ በውስጧ ፍጥነት የሚያስተካክል ትንሽ ቡሎን። በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ ዘፈኑን ከስልኬ ጋር ደጋግሜ አስነሣሁ፤ በመጨረሻ ሁለቱ እኩል ጨረሱ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ቀላልነቱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ቴፑን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩና ካሴቱን እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን አመጡት። ሰውየው ሰላምታውን ጀመረ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ስለ ዝናቡ ተናገረ፣ ሳል ያዘው፣ ስለ ላሚቱ ጠየቀ። አከራዬ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያናግራቸው ይመስል ለያንዳንዱ ጥያቄ ራሳቸውን እየነቀነቁ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ።

ሲያልቅ ቴፑ ይፈጥን እንደነበር፣ ያን ቀንም አውቄ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ነኝ የረሳሁት ለምን አልከኝ?»

«ማሽኑ ጥሩ ነው እንዲባልልኝ ፈልጌ ነው።»

አልተቆጡም። ስልካቸውን አንሥተው ለልጃቸው ደወሉና ለኔ አቀበሉኝ። «አንተ ንገራት» አሉኝ። ነገርኳት፤ እናትሽ አልረሱም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ስልኩን ወደ ስፒከሩ እንዳስጠጋላት ብቻ ጠየቀችኝ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ አስጠጋሁላት፤ አባቷ እስኪጨርስ ክንዴ ዝሎ ይዤላት ቆምኩ።

ቴፑ አሁን እሳቸው ሳሎን ነው። ውሰዱት ስላቸው እንቢ አላሉም። እኔን እንደ ድሮው ቤት ጠርተው ያበሉኛል። መብራት ዛሬ አይመጣም ወይም መንገዱ ተዘግቷል ስላቸው ግን በትህትና ይሰሙኝና ወደ በሩ ወጥተው ሌላ ሰው ይጠይቃሉ።