ዛሬም ሁለት ሻይ አዘዝኩ

ዛሬ ሜይፌር ምግብ ቤት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሁለት ሻይ አዘዝኩ።

ባለ ምግብ ቤቱ የሞሮኮ ተራራ ሰው ነው። በቋንቋው በታማዚግት ካላዘዙት የደነቆረ ይመስላል።

እኔና ሚስቴ አስካለ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ስንበላ ሥራ ተከፋፍለን ነበር። እሷ «አግሩም» ብላ ዳቦውን፣ «አታይ» ብላ ሻዩን ትጠራለች። እኔ ጣቴን ቀስሬ «ሲን!» እላለሁ፤ ሁለት ማለት ነው።

«በአንድ ቃል ምሁር ሆንክ!» ትለኝ ነበር። (እውነቷን ነው፣ ግን አላመንኩላትም።)

አርባዋ ከወጣ በኋላ ዛሬ ገና መሄዴ ነው። ቃላቱን ከደብተሯ ቀድቼ ያዝኩ። «አታይ» እንዳልኩ ግን አፌ ለምዶበት «ሲን» አለ።

ሰውዬው ሁለቱን ብርጭቆ አስቀምጦ በሩን አየ። «ማማስ የት ቀረች?»

ነገርኩት። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ሲሆን ‹ያን› ነው የሚባለው» አለኝ።

«ተወው ልጄ፣ እኔ ሰነፍ ተማሪ ነኝ» አልኩት።

ሻይዋን እሱ ጠጣላት።

እናንተስ፣ ሰው እንደ ሄደባችሁ ረስታችሁ ለሁለት ያዘዛችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ፤ ጅሉ እኔ ብቻ እንዳልሆን።