ለአርክቲኩ ድንበር የተገኘው ዋስ

እሰይ! ተፈቀደ! ትሄዳለች!

የምትሄደው ራዚያ ናት፤ የፈቀደው ደግሞ አባቷ ዐብዱሰመድ። ለማታውቁት፣ ከዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገቡ ወዳለችው ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። የየአገሩን ሰው ስለሚጭን የየአገሩን አየር ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ከወሎ ተነስቶ ስንቱን ድንበር በእግሩ አቋርጧልና፣ ስለ ድንበርማ አፉን አታስከፍቱት!

ልጁ ሶሻል ሳይንስ ተማረች። ሶ፣ ኖርዌይና ሩሲያ በሚዋሰኑበት፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ በማትወጣበት የአርክቲክ ጫፍ ዓመት ተቀምጣ "ድንበር ላይ መኖር እንዴት ነው?" ብላ እንድታጠና ተመረጠች። ያለ አባቷ ዱዓ ግን ንቅንቅ አልልም አለች።

"ሰው ከድንበር ይሸሻል እንጂ 'እንዴት ነህ?' ሊለው ይሄዳል?" አለ ዐብዱሰመድ። "ደግሞ ማን ቤት ልታድሪ ነው?"

"ማሪት የሚባሉ አሮጊት ቤት። አጋዘን ያረባሉ። ቪዲዮ ኮል አድርጋቸው፣ አባ፣ ፕሊስ።"

"ብቻዬን? ሽማግሌ ይዤ ነው እንጂ!"

ሽማግሌው እኔ ወዳጁ ነኝ። አስቡት፣ ክራባት አስሬ ስልክ ፊት ቁጭ! ልጅ ልንከለክል ሳይሆን ልንድር የተሰየምን እንመስል ነበር። ዐብዱሰመድ ጉሮሮውን ጠርጎ የአሮጊቷን ዘር ማንዘር ሊመረምር ሲል እሳቸው ቀደሙት። ራዚያ ተረጎመች፦

"ከዚህ በፊትም ተመራማሪ መጥቶ ነበር። ቤቴ በላ፣ ጠጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ጠፋ። ስለ እኛ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላየንም። የእርስዎ ልጅስ እንዲህ እንዳታደርገን ማን ዋስ ይሆናታል?"

ዐብዱሰመድ ከወንበሩ ተነሳ።

"የኔ ልጅ ዋስ ልታጣ? እኔ ዋሷ! የጻፈችውን ይዛ ተመልሳ፣ ፊትዎ ቁጭ ብላ ታነብልዎታለች! እምቢ ካለች እጇን ይዤ ራሴ አመጣታለሁ!"

ራዚያ ይህንን እንዴት ባለ ፍጥነት እንደተረጎመችው!

"እንግዲያው ትምጣ" አሉ ማሪት።

"ትመጣለች!" አለ ዐብዱሰመድ።

ያለውን ከሁላችን ኋላ የሰማው እሱ ነው። "ማለቴ..." ብሎ ወደኔ ዞረ። የዋስነት ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? "ዋስ ሆነሃል፤ በቃ" አልኩት፣ ሳቄን በክራባቴ ይዤ። ትንሽ አጉረመረመና እጆቹን ለዱዓ ዘረጋ። አሚን አልን።

በሉ ልሂድ፤ ማኪኒ ከተማ የምትኖረው ወዳጃችን ህይወት ገና አልሰማችም። ዐብዱሰመድ ደውሎ "ድሮም ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ" ሳይላት ልቅደመው!