ከፊት ያለው እጅ ሲነሳ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ የተሸከመልኝ ስሜነህ፣ የባለቤቴ የይበልጣል ጓደኛ ነው። እሑድ እሑድ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ተሰልፈው እስከ አማኑኤል በብስክሌት ይሄዱ ነበር። የጭነት መኪና ከጠመዝማዛው ላይ ብቅ ብሎ ይበልጣልን ሲወስደው፣ ከኋላው የነበረው ስሜነህ ነው። ለቅሶው ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጁን አነሳ፤ እኛም ቆምን።» እጅ ማንሳት በእነሱ ዘንድ ቁሙ ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ጓደኞቹን አድኖ ሞተ አለ። እኔም ያን ቃል ስንቅ አድርጌ እህቴ ወዳለችበት ሆላንድ ተሰደድኩ።

እዚህ ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ነጎድጓድ አስቀድሞ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ያንጠባጥባል። ድንቹም ከጎጃም ድንች ጋር የሚገናኘው በስሙ ብቻ ነው። መንገዱ ግን እንደ አውድማ የተደለደለ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሄደውም በብስክሌት ነው። ኸሜንቴ በሚሉት ማዘጋጃ ቤት አንድ ሠራተኛ ጠየቀኝ።

«ብስክሌት ታውቂያለሽ?»

«ባሌ የሞተው ብስክሌት ላይ ነው» አልኩት።

አስተርጓሚዋ አንገቷን ደፍታ ነገረችው። እሱም ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ለቤተሰቡ አዲስ አይደለም» ብሎ ብስክሌት ከሚማሩ ሴቶች ቡድን መደበኝ።

አሠልጣኛችን ሄኒ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። «ጥቁር ከሩቅ አይታይም» ብላ ከሐዘን ልብሴ ላይ ቢጫ ሰደርያ አለበሰችኝ። ከፊት «ፓልቼ!» ከተባለ መንገዱ መሐል ምሰሶ ተተክሏል ማለት ነው። ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ለኋለኛዋ መጮህ አለብሽ። በእኛ አገር ነውሩ ሴት ልጅ መንገድ ላይ መጮኋ ነበር። ጉድጓድ በጣት ወደ መሬት ይጠቆማል። እጅ ወደ ላይ ከተነሳ መቆም ነው። ይህችን ማንም ሳያስረዳኝ አውቃት ነበር።

አንድ ሐሙስ በአንዲት የገጠር ከተማ ስናልፍ ደወል ሰማሁ። ቀና ስል ቤተ ክርስቲያን ነው። ሳላስበው ቀኝ እጄ ተነሳ፤ የማርቆስ ሰው ደጁን ሳይሳለም አያልፍም። እጄ ግንባሬ ጋ ሳይደርስ ከኋላዬ ፍሬን ሲያፏጭ፣ ብረት ከብረት ሲላተም ሰማሁ። ዘወር ስል ሄኒ አስፋልቱ ላይ ወድቃለች፤ ክርኗ ይደማል።

«ምን አየሽ? መኪና ነው?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን።»

ወደ ደወሉ ቤት አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። «እሱ እኮ አፓርታማ ከሆነ ቆየ፤ የቀረው ደወሉ ብቻ ነው» አለች። ክርኗን ይዛ ሳቀች። «ከእንግዲህ መጸለይ ሲያምርሽ አስቀድመሽ ጩኺልን፤ እንደ ፓልቼው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ያነሳሁትን እጄን አየሁ። ይበልጣል የሞተበት፣ አማኑኤል ሊገቡ ሲሉ ያለው ጠመዝማዛ ፊት ለፊቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይበልጣል ቁሙ ብሎ ከሆነ መኪናውን አይቶታል፤ ጓደኞቹን አድኗል፣ ግን ፈርቶ ነው የሄደው። ተሳልሞ ከሆነ ደግሞ ምንም አላየም፤ ሰላም ላይ እንዳለ ነው የተወሰደው፤ ስንቄ ያደረግሁት ቃልም ባዶ ነው። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ቤት ተመለስኩ። የትኛው እንዲሆንልኝ እንደምመኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

ለስሜነህ ደወልኩለት።

«እታለም፣ ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?»

«ስሜነህ፣ ይበልጣል እጁን ሲያነሳ ቤተ ክርስቲያኑ ይታያችሁ ነበር?»



«ይታየን ነበር» አለ።

«የትኛው እጁ ነው?»

«ቀኙ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ስትደርሱ ትሳለሙ ነበር?»

«ሁልጊዜ። እኔ ግን ያን ዕለት ፍሬን ያዝኩ። ለምን ፍሬን እንደ ያዝኩ እኔም አላውቀውም፣ እህቴ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት አልነካሁም።»

«እጁ ግንባሩ ጋ ደርሶ ነበር?»

«አልደረሰም። ወደ ላይ እየሄደ ነበር።»

በስልኩ ውስጥ የማርቆስ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰማሁ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ። ማናችንም አልዘጋንም።