ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ

ይህ የደረሰብን በደርግ ጊዜ፣ በየቀበሌው ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና በሚመለመልበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ጠዋት ግን እስከነብርዷ አስታውሳታለሁ።

የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ተሾመ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ ሲመታው ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አስም እንዳለበት ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ የሐኪም ወረቀት ግን አልነበረውም። ስሙ ሲወጣ ቀበሌው፣ «ማስረጃ ካመጣ ይቀራል» አለን።

ሆስፒታል ለሳንባ ምርመራ በተቀጠርንበት ዕለት ጠዋት ሕመሙ ተነሳበት። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። መንገድ ላይ ይወድቅብኛል ብዬ ሰጋሁና ከጎረቤታችን ከእማማ ዘነበች አንድ ክኒን ለምኜ አስዋጥኩት። እሳቸውም አስም ነበረባቸው። ትንሽ ቆይቶ ቀለል አለው።

«እታለም፣ አሁንስ እንኳን ዳገት ግድግዳም እወጣለሁ» ብሎ ሳቀ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ አፍንጫውን ቆንጥጦ የትንፋሽ መለኪያውን ቱቦ አጎረሰው። «በደንብ ሳብ! አሁን ንፋ፣ ንፋ፣ እንዳታቋርጥ!» ሦስት ጊዜ አስነፋው። መሣሪያው የሣለውን መስመር አየና ግራ ተጋባ። ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ መድኃኒት ወስዷል?»

ደነገጥኩ። የሰው መድኃኒት መስጠቴን ቢያውቅ ተቆጥቶ የሚያባርረን መሰለኝ።

«ኧረ ምንም አልቀመሰም፣ ዶክተር።»

«እስቲ አስቢ፣ እህቴ። ምንም?»

«ምንም።»

ተሾመ መሬት መሬት ያያል። ታላቁን አያሳጣም። ዶክተሩ ተነፈሰና ሳንባው ጤነኛ ነው ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ወሰዱት። ዓመት ሳይሞላ መርዶው መጣ። በጥይት ይሁን በትንፋሹ የነገረን የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄን ለዚያው ምርመራ ወሰድኳት። ነርሷ፣ «መድኃኒት ወስዳለች እንዴ? ከወሰደች ሳንባዋ ደህና መስሎ ይታያል፣ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ» አለችኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔን ግን አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው የዋሸሁት። ሰው ሁሉ ጦርነቱ በላው እያለ ያጽናናኛል። ያ ዶክተር ግን ወንድሜን ሊያተርፍልኝ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። ሁለቴም እምቢ አልኩት።