በበዓል የተነካ አፈር

የእህቴ ቤት ከቢቸና ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ውስጥ ነበር። ነበር የምለው ቤቱ የቆመበት መሬት ራሱ ስለሌለ ነው። አሁን ቦታው ቦረቦር ሆኗል። ቦረቦር ጎርፍ እየቆረሰ የሚያሰፋው ገደል ነው። ልጆች ሆነን እየሮጥን የምንዘለው ጎድጓዳ ነበር። አድጌ መንደሩን ስለቅ በሬ ከገባበት የማይወጣበት ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በየክረምቱ ወደ ቤቷ ተጠጋ።

የመጠጋቱ ምክንያት የተሰወረ አልነበረም። የአካባቢው አፈር ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ ነው። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ ውሃ የተኛበት ጤፍ ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ላይ በሰያፍ ፈሰስ የሚባል ቦይ ያወጣል፤ በፈሰሱ በኩል ውሃው ቁልቁል ይለቀቃል። ፈሰስ ያላወጣ ሰው ሰነፍ ይባላል። ከማሳው የወጣው ውሃ የት እንደሚደርስ የሚጠይቀው ከታች ያለው ሰው ነው። ከታች ያለችው እህቴ ነበረች። ከላይ ያሉት ጎረቤቷ ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ አያ ትላቸዋለች። ክፉ ሰው አይደሉም። ባሏ የሞተ ዓመት የመጀመሪያውን እርሻ ያረሱላት እሳቸው ናቸው።

በመንደሩ በየወሩ የሚከበሩ በዓላት አሉ። በእነዚህ ቀናት አፈር አይነካም፤ ማረስም፣ መቆፈርም፣ ማረምም የለም። ከተነካ በረዶ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። የሚወርደውም በጥፋተኛው ማሳ ላይ ብቻ ስላልሆነ፣ በዓል የሻረ ሰው ጉዳይ የሁሉም ጉዳይ ነው።

እኔ የምኖረው ሞጣ ነው። ለሬዲዮ ዜና መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አልፏል። ጎርፍ፣ ናዳ፣ አንበጣ፣ መብረቅ ዘግቤያለሁ። አለቃዬ በቢቸና ዙሪያ በረዶ ሰብል መምታቱን ነግሮኝ እንድሄድ ሲያዘኝ እንደሌላው ጊዜ መቅረጫዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለእህቴ ደውዬ ነበር፤ ስልኩ አልሠራም። በክረምት ስለተለመደ አላሳሰበኝም።

የግብርና ባለሙያው የተጎዱትን ቀበሌዎች እየዞረ አሳየኝ። በረዶው የወረደው በመስመር ነበር። ባቄላው አበባውን አራግፎ ግንዱ ብቻ ቆሟል፤ ስንዴው ሰው የተኛበት ይመስል ተነጥፏል። አንድ ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ ጉዳቱን ነገረኝ። አነጋገሩ ጥሩ ስለነበር መቅረጫውን አላጠፋሁም። በመጨረሻ መንስኤውንም ነገረኝ። ከወዲያኛው ጎጥ አንዲት ሴት በሚካኤል ዕለት ዶማ ይዛ ወጥታ ፈሰስ ደፍናለች፣ በረዶው የመጣው በዚያ ነው አለ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኩት። ስሟን አላወቀም። ቤቷ ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ ያለችው፣ ባሏ የሞተባት ናት አለኝ።

አመስግኜው ወደሚቀጥለው ማሳ ሄድን። ዜናውን ልኬ ስጨርስ ወደ እህቴ ቤት ወረድኩ።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከቤቱ ማዕዘን እስከ ቦረቦሩ አፋፍ የቀረው ምድር አንድ ሰው እንደ ልብ የማይተኛበት ነበር።

«ሰምተህ ነው የመጣኸው ወይስ ለሥራ?» አለችኝ።

«ለሥራ።»

«እንግዲያው ግባና ብላ።»

እየበላሁ ነገረችኝ። በሚካኤል ዕለት ዝናቡ ሲበረታ የአያ ፈሰስ ሞልቶ ውሃው በቀጥታ ወደ ቤቱ ማዕዘን መጣ። ዶማ ይዛ ወጣች፣ ፈሰሱን በሣርና በጭቃ ደፍና ውሃውን በወሰኑ በኩል መለሰችው። ማዶ ያለ ሰው አያት። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላላትም። በረዶው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። የእሷን የባቄላ ማሳ ሳይነካ አለፈ።

ቅጣቱ ገና አልተነገረም፤ ግን ተጀምሯል። እህቴ የምትኖረው በወንፈል ነው። እሷ በአረምና በአጨዳ ለሰው ትወጣለች፣ እነሱ ደግሞ ያርሱላታል፣ ያርሙላታል። በዚያ ሳምንት የአረም ተራው የእሷ ነበር። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ጠበቀች። ሰዎቹ በደጇ አልፈው የሚቀጥለው ባለተራ ማሳ ውስጥ ገቡ። እሷ ከቤቷ ሆና ዘፈናቸውን ሰማች። ጤፏ ሲታይ አረሙ ከጤፉ በልጧል። ወንፈል የሌላት ሴት መሬቷን ለሌላ አርሶ አደር ሰጥታ ከተማ ከመግባት በቀር ምርጫ የላትም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር አልተነጋገርንበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀመጠ። እኔም ከእህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቄሱ ከመሃል ነበሩ፤ የንስሐ አባቷም እሳቸው ናቸው። ብዙ ተባለ። አንዱ፣ በረዶው በእሷ ጥፋት ከመጣ የእሷን ማሳ ለምን ተወው ብሎ ጠየቀ። ባቄላቸው ሙሉ በሙሉ የረገፈባቸው አንድ ሽማግሌ መለሱለት።

«አድራሻ ተሳስቶ ነዋ! ለእኔ የደረሰኝ የሷ ነው።»

ሰው ሳቀ። እህቴም ፈገግ አለች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ ጋዜጠኛው፣ እስቲ ንገረን፣ በረዶ ከምን ይመጣል?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ሞቃት አየር እርጥበት ይዞ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ከላይ ቅዝቃዜ እንዳለ፣ ጠብታው በረዶ ሆኖ እንደሚወድቅ አስረዳሁ። በአክብሮት ሰሙኝ።

«ከላይ እንደሚመጣስ እኛም አይተናል» አሉ ሽማግሌው።

አያ ተነሥተው ስለ ውሃው ቅር እንዳልተሰኙ፣ ግን ፈሰሱ የእሳቸው ስለሆነ ልትጠራቸው ይገባ እንደነበር ተናገሩ።

«አያ፣ ብጠራዎት ይመጡ ነበር?» አለች እህቴ።

ትንሽ አሰቡ። «በበዓል? አልመጣም።»

«ታዲያ ለምን ላድክምዎት?»

ቄሱ ጣልቃ ገቡ። ቤት ሲፈርስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ እንዳላሉ፣ ለእሳቸው ብትነግራቸው ይፈቅዱላት እንደነበር በቁጣ ሳይሆን በማዘን ተናገሩ። እህቴ ቦረቦሩ ሞልቶ በየት ልሻገር አለቻቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከቦረቦሩ ማዶ ነው። ስልክ አለሽ አይደል አሏት። ስልኩ በዝናብ ጊዜ እንደማይሠራ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻ ታረቁ። እሷ ለሻረችው በዓል ስግደት ታዘዘባት። ከእንግዲህ ከቄሱ ፈቃድ ሳታገኝ በበዓል አፈር ላትነካ ቃል ትገባለች። አያ ፈሰሳቸውን ደፍነው ውሃውን በወሰን በኩል ያወርዱታል፤ ሰውም ወጥቶ ያግዛቸዋል። ወንፈሏም ይቀጥላል። ሥራው መቼ ይሁን ሲባል፣ ሰኞ በዓል ስለሆነ ማክሰኞ ተባለ።

«ሳልጠይቅ አልነካም» አለች እህቴ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉላት፣ ተሳለመች።

ለአለቃዬ መልእክት ላክሁና እስከ ማክሰኞ ለመቆየት ፈቃድ ጠየቅኩ። ለሥራው እጅ ልጨምር አስቤ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የቦረቦሩ ድምፅ ደረሰ፤ ላይኛው አገር ዘንቦ ነበር። ከዚያ በእኛም ላይ ወረደ። ፈሰሱ ሞላ። እሷ የደፈነችበትን ቦታ ጥሶ ውሃው እንደገና ወደ ቤቱ ማዕዘን መጣ። ቀይ ሳይሆን ጥቁር ነው፣ የዋልካ ውሃ ነው፤ ሲመጣ ብዙ አይጮህም።

ለቄሱ ደወልኩ። አልገባም። አፋፉ ድረስ ሄጄ ተጣራሁ፤ ድምፄን እኔም አልሰማሁት። አያ ከላይ አጥራቸው ዳር ላስቲክ ተከናንበው ቆመዋል። ወደ እኛ ያያሉ። እኛም ወደ እሳቸው እናያለን። እሳቸውም ዶማ አላቸው።

ከግድግዳው ተደግፎ የቆመውን ዶማ አነሣሁ።

«አስቀምጠው» አለች።

«እትዬ፣ ቃል የገባሁት እኔ አይደለሁም።»

«አንተማ ሞጣ ትሄዳለህ። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።»

አስቀመጥኩት።

ዕቃ ማውጣት አፈር መንካት አይደለም። እህሉን በጆንያ፣ አልጋውን፣ ሙቀጫውን፣ ሳጥኗን እያወጣን ከላይ በኩል ባለው የከብት ጋጥ አስቀመጥን። ምስሩ ከነሰፌዱ ደጃፍ ቀርቶ ስለነበር ተመልሳ አመጣችው። ከጋጡ ሥር ቆመን አየን። መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ ያለው ምሰሶ ወረደ። ቆርቆሮው ለትንሽ ጊዜ ያለ ድጋፍ ቆየ። ከዚያ የማድቤቱ ግድግዳ ከነምድጃው ገባ፤ ተከትሎ መኝታ ቤቱ። ብዙ የፈረሰ ቤት አይቻለሁ፣ የደረስኩት ግን ሁልጊዜ ከፈረሰ በኋላ ነበር። ድምፁ ያሰብኩትን ያህል አልነበረም። እህቴ ነጠላዋን ጨምቃ እንደገና ለበሰችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ወጣ። እንደዚያ ወጥቶ አይቼ አላውቅም። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት አያ ነበሩ። እህቴን ቀና ብለው ሳያዩ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት፤ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። እሷም «አሜን» አለች። በረዶው አድራሻ ተሳሳተ ያሉት ሽማግሌም መጥተው ነበር፤ ያን ቀን አልቀለዱም። ፈሰሱ ተደፈነ፣ ውሃው በወሰን በኩል እንዲወርድ ተደረገ። ሥራው ከረፋድ አላለፈም። ከዚያ ወንዶቹ ከቦረቦሩ የተረፈውን እንጨትና ቆርቆሮ በገመድ አወጡ።

ለአለቃዬ ደወልኩ፤ ጠዋቱን ስልኩ ይሠራ ነበር። አንድ ቤት መፍረሱን፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አለመኖሩን ነገርኩት። አንድ ቤት ብቻ ከሆነ ሌላ ሲጨመር አብረን እናየዋለን አለኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኩትም።

አዲሱ ቤት የት ይሠራ ሲባል፣ ከቦረቦሩ የራቀ የእህቴ መሬት አንድ ብቻ ነበር። እሱም በረዶው የተወው የባቄላ ማሳ ነው። በመንደሩ አበባውን እንደያዘ የቀረ ባቄላ ያ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ማሳው ዳር ቆመው ወደ እሷ አዩ። የመጀመሪያውን እሷ ነቀለች። ከዚያ ሁሉም ገቡ። አበባው ነጭና ጥቁር ሆኖ በጭቃው ላይ ቀረ፤ ግንዱ ለከብት ተሰጠ።

ማገርና ምሰሶው በዚያው ሳምንት ቆመ። ጤፏም ታረመላት፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ አረሙላት፣ እሷም ተቀባይ ሆና ዘፈነች። ወደ ሞጣ የምመለስበት ጠዋት ግድግዳው ገና እርጥብ ጭቃ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ዶማ ይዛ አዲሱን ቤት ትዞራለች። ቦታው ዋልካ ስለሆነ ከግድግዳው ሥር ውሃ ማቆር ጀምሯል። ፈሰስ ያስፈልገዋል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። በዓል አልነበረም። በዶማው ጫፍ አፈሩ ላይ ከቤቱ ጀምራ ቁልቁል መስመር አሰመረች። በዓይኔ ተከተልኩት።

«ወዴት ነው የምትለቂው?»

«ወደ ድሮው ቤቴ» አለችና መቆፈር ጀመረች።