«ፋይን» ብዬ የተረጎምኩላቸው ሴትዮ

መርሳ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የወልድያ ልጅ ስለሆንኩ አገሩ አልከበደኝም፤ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ አምስተኛ ክፍልን ተረከብኩ። ጠዋት ስገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል። «ሃው አር ዩ?» እላቸዋለሁ። «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር!» ይሉኛል በአንድ ድምፅ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ። ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው ብዬ ነው ያስተማርኳቸው። እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር።

በስልሳ አምስት ዓ.ም. ድምፃቸው ሳሳ። ክረምቱ ሳይዘንብ አልፎ ነበር፤ በልጉም ቀረ። መጀመሪያ የኋላ ወንበሮች ባዶ ሆኑ፣ ቀጥሎ የመሀሎቹ። የመጡትም «ፋይን» ብለው ሲቀመጡ ዴስኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። እኔ ግን ስም እየጠራሁ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ቀጠልኩ። ዛሬ ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ አንዱ ይኸው ነው፤ ለስንት ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ማስተማሬ።

ሚያዝያ ላይ ከቆላውም ከደጋውም የወጣው ሰው አውራ ጎዳናው ዳር ሰፈረ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከሐብሩ ቆላ የመጡ አንድ ሴትዮ ነበሩ፤ ከእናቴ የሚበልጡ፣ ባላቸውን መንገድ ላይ ቀብረው ብቻቸውን የደረሱ። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃና እፍኝ ቆሎ አቀብላቸዋለሁ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ይሉኛል። እፍኝ ቆሎ ሰጥቼ ምርቃት ተቀብዬ ክፍል እገባለሁ።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ከክፍል አስጠሩኝ። አንድ ሹም አንድ ፈረንጅ በመኪና ይዞ መጥቶ አስተርጓሚ አጥቷል። ሹሙን ያን ቀን አንቱ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ አልለውም። ሽቶው ከሩቅ ይጣራል፤ አጥሩ ጋ ስንደርስ መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«ያሉትን ብቻ ተርጉሚ፤ ከራስሽ ምንም እንዳትጨምሪ» አለኝ።

«እሺ ጌታዬ» አልኩ።

ፈረንጁ ሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃቸው። «እማማ፣ እንደምን ነዎት ይላል» አልኳቸው። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እሱስ እንደምን ነው? ቤተሰቡ ደህና ነው? ከብቱስ ደህና ነው?»

ከብቶቻቸው ካለቁ ወራት አልፏል። ሳምንቱን ከእኔ ቆሎ በቀር እህል አልቀመሱም።

«ምን አሉ?» አለ ሹሙ።

«ደህና ነኝ ነው የሚሉት።»

«በይ እንደዚያው ንገሪው።»

«ሺ ኢዝ ፋይን» አልኩ።

ፈረንጁ አያቸው፣ እኔን አየኝ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሌሎች ሁለት ሰዎችን ጠየቀ፤ እነሱም ፈጣሪን አመሰገኑ፤ እኔም «ፋይን» አልኩ። ሹሙ ፊቱ በራ። «አየሽ? ሕዝቡ ምንም አልሆነም። ወሬ የሚያበዛው ሌላ ነው» አለኝና ምሳ ካልበላሽ ብሎ ይዞኝ ሄደ። ምግብ ቤቱ ከአጥሩ መቶ እርምጃ አይርቅም። ጥብስ መጣ፤ ቅቤው ይንጣጣል። ሹሙ በዚያ መሀረብ በያዘበት እጁ ጠቅልሎ «አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩ። ጉርሻውን ዋጥኩት፣ ሁለተኛውንም ዋጥኩት፤ ከዚያ ተነሥቼ ጓሮ ሄጄ ሁሉንም አስመለስኩት።

ቤቴ ገብቼ ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዤው የመጣሁትን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ለምን እንደገለጥኩት አላውቅም፤ ምናልባት ያልኩት ትክክል ነው የሚለኝ ፈልጌ ይሆናል። ፋይን፤ አንደኛ፣ መልካም ይላል። ቀጥሎ ቀጭን፣ የሳሳ ይላል፤ የሴትዮዋ ክንድ ታየኝ። ቀጥሎ እንደ ዱቄት የላመ። ቀጥሎ ስለ አየር፤ ደመና የሌለበት፣ የጠራ ቀን። እኛ ያን ዓመት የጠራ ሰማይ ማየት አስጠልቶን ነበር፤ እንግሊዞች ፋይን ይሉታል። ቀጥሎ ደግሞ መቀጮ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ምንጩ ተጽፏል፤ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ጥንት ትርጉሙ መጨረሻ፣ ፍጻሜ ነበር። ፍጻሜ ያገኘ ሥራ መልካም ተባለ፤ ክርክር ሲያልቅ የሚከፈለውም መቀጮ ሆነ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ አፌ ውስጥ ገማብኝ። ቃሉ ምን አደረገ? አስቀያሚዋ እኔ ነኝ፤ ሹሙን የሚያስደስተውን ትርጉም ሰጥቼ የቀረውን የዋጥኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። «እማማ፣ ምነው እንደራበዎት ሳይነግሩት?»

«እንዴ ልጄ! ሰው ገና ሰላም ሲልሽ ራበኝ ይባላል? ቢቀመጥ፣ ሁለተኛ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። ጠይቅ ያላልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ወልድያ አድሮ ወደ ደሴ ሲመለስ መንገዱ መሀል ቆምኩ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ሹሙ በመስኮት «አብደሻል?» አለኝ። ለፈረንጁ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፦ «ትናንት ያልኩህ ልክ አይደለም። የመለሱልህ ሰላምታ ነው። እንደገና ጠይቃቸው።» ወረደ። ሹሙ ከመኪናው አልወረደም።

ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ ነገሩት። ከብቱ በምን ተራ እንዳለቀ፣ የዘር እህሉን መቼ እንደበሉት፣ ባላቸው የትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረ። ሳያለቅሱ፣ እንደ ሰፈር ጨዋታ። እኔ አንዲት ቃል ሳልጥል ተረጎምኩ። ፈረንጁ ብዙ ገጽ ጻፈ። የጻፈው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ወር መርሳ የመጣ እህል ግን የለም።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ አረፉ። ለከፈን የሚሆን ነጭ ነጠላ ነበረኝ፣ ሰጠሁ፤ የመስጊዱ ሰዎች ቀበሯቸው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከወልድያ ደብዳቤ መጣ። ሥራ ጥሎ በመሄድና ሹም በማዋረድ የግማሽ ወር ደመወዝ ተቀጥቻለሁ፤ ቆላ ወዳለችው ወደ ግራናም ተዛውሬያለሁ። ርእሰ መምህሩ ዓይኔን ሳያዩ «ፈርሚ» አሉኝ። ፈረምኩ።

ግራና ስደርስ የትምህርት ቤቱ በር ክፍት ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሎቹን ዞሬ አየሁ፤ አንድም ልጅ የለም።

«ማንን ልታስተምሪ መጣሽ ልጄ?» አሉኝ።

ሻንጣዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እርሳቸውም ያልመጡትን ልጆች ስም በየመንደራቸው እየጠሩ ይነግሩኝ ጀመር።